ከባንኮኒው ወዲያና ወዲህ፤ ጠመንጃ ሻጩ ራምቦና ደንበኛው ምኒልክ

«በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ዘመናዊ ጠመንጃ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ገባ» የምትል ዓረፍተ ነገር ያላጋጠመችው የታሪክ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ከሰሌዳ ገልብጠን ደብተራችን ላይ ጽፈናታል፤ በፈተናም ጊዜ መልሰን ጽፈናታል። ግን «ገባ» የሚለውን ግስ ቆም ብሎ ያየው ስንቱ ነው? ክረምት ይገባል፣ ጾም ይገባል፣ ሙሽራም ቤቷ ትገባለች። ጠመንጃ ግን እግር የለውም። ጠመንጃን አንድ ሰው ከሩቅ አገር ገዝቶ፣ በመርከብ አሻግሮ፣ በግመል ጭኖ፣ ዋጋ ጠርቶና ተከራክሮ ነው የሚያስገባው። ሌላው ደግሞ መርምሮ፣ አናንቆ፣ ዋጋ ሰብሮ፣ ከፍሎ ወይም በዱቤ ወስዶ ነው የሚረከበው። በአጭሩ በሁለቱ መካከል ባንኮኒ አለ።

ባንኮኒ ስል የግድ የእንጨቱን ባንኮኒ ማለቴ አይደለም። አንዳንዴ የግመል ጀርባ ነው፤ አንዳንዴ የንጉሥ ድንኳን ነው፤ አንዳንዴም ሁለት መንግሥታት ውል የሚፈራረሙበት ጠረጴዛ ነው። የታሪክ መጽሐፎቻችን ጠመንጃው ከተተኮሰ በኋላ ያለውን ይተርኩልናል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማየት የምፈልገው ከመተኮሱ በፊት ያለውን ነው። ሻጩ ምን አገኘ? ገዢው ምን አገኘ? ዋጋውንስ በመጨረሻ ማን ከፈለው? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የማይጠየቀው ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው እርሱ ነው።

ለዚህ የሚሆን አንድ ገበያ መርጫለሁ፤ ሻጩ አርቱር ራምቦ፣ ገዢው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ፣ ጊዜው ከ1885 እስከ 1887። (ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ሻጩና ዕቃው

ሥነ ጽሑፍ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ራምቦን በግጥሙ ያውቁታል። በ1854 ሻርልቪል በምትባል የፈረንሣይ ከተማ ተወልዶ፣ በልጅነቱ የጻፈው ግጥም ከሞተ በኋላ ዓለምን ያስደነቀ፣ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን ግጥሙን እርግፍ አድርጎ የተወ ሰው ነው። ለታሪክ ተማሪ የሚበጀው ሁለተኛው ራምቦ ነው፤ ማለት በ1880 ዓደን ወርዶ በባርዴ ንግድ ቤት የተቀጠረው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም ወደ ሐረር ተልኮ ቡናና ቆዳ ሲመዝን የኖረው ራምቦ። (ሐረር ውስጥ «የራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጎበኘው ፎቅ ከእርሱ ዘመን በኋላ የተሠራ ነው። የእርሱ እውነተኛ አሻራ ያለው በቤት ሳይሆን በሒሳብ ደብዳቤዎቹ ላይ ነው።)

ይህ ሰው በጥቅምት 1885 ሸዋን በሚገባ ከሚያውቅ ፒየር ላባቱ ከሚባል ፈረንሣዊ ነጋዴ ጋር ተዋዋለ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ጠመንጃ ወደ ሸዋ ወስዶ ለንጉሥ ምኒልክ መሸጥ። ራምቦም የቅጥር ሥራውን ጥሎ ታጁራ ወረደ።

ዕቃው ምን ዓይነት ነበር? እዚህ ላይ የአውሮጳን የጦር ኢንዱስትሪ ታሪክ ትንሽ ማየት ያስፈልጋል። እስከ 1860ዎቹ ድረስ የአውሮጳ ወታደር በብዛት የሚይዘው ባሩዱና አረሩ በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስ፣ በትንሽ የመዳብ ቆብ እሳት የሚጭር ጠመንጃ ነበር። ወታደሩ አንድ ጊዜ ተኩሶ እንደገና ለማጉረስ ቆሞ መጠቅጠቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ከኋላ የሚጎርሰው፣ ባሩዱና አረሩ በአንድ ቀለህ የታሸገለት ጠመንጃ መጣ። ሬሚንግተን ከዚህ ወገን ነው። ፈረንሣይ በ1874 ግራ የሚባለውን አወጣች፤ በ1886 ደግሞ ያንንም አስረጅቶ ለበል መጣ። እንግዲህ አንድ ትልቅ ጦር መሣሪያውን በለወጠ ቁጥር አሮጌው ጠመንጃ መጋዘን ይሞላል። መንግሥታቱ ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ያወጡታል፤ ነጋዴው ደግሞ ገዢ ፍለጋ ባሕር ያሻግረዋል። አፍሪካ የአውሮጳ የጦር ግምጃ ቤት ጓሮ ሆነች ማለት ነው።

ራምቦ ራሱ በታኅሣሥ 1885 ከታጁራ ለቤተሰቦቹ በጻፈው ደብዳቤ ይህን አልደበቀም። ጠመንጃዎቹ ከብዙ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ መሆናቸውን፣ በቤልጅጓ ሊየዥ ከተማም ሆነ በፈረንሣይ በአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ከ7 እስከ 8 ፍራንክ እንደሚገኙ፣ ለሸዋው ንጉሥ ግን እስከ 40 ፍራንክ እንደሚሸጡ ይተርካል። እርሱና ላባቱ በኋላ ለፈረንሣይ መንግሥት ሲያመለክቱ ታጁራ ላይ ያለን ዕቃ 2,040 ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነው ብለዋል። እንግዲህ እርሳስ አንስተን እናስላው። ጠመንጃው በ8 ፍራንክ ሒሳብ 16,320 ፍራንክ ይሆናል። በ40 ሲሸጥ 81,600 ፍራንክ ይመጣል። በወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ትርፍ ያየ ሰው ሥራውን ቢለቅ አይፈረድበትም። ብቻ በወረቀቱና በምኒልክ ድንኳን መካከል በረሃ አለ።

፪. እስከ ባንኮኒው ያለው መንገድ

ራምቦ ታጁራ ላይ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ተቀመጠ። ያለ ግመል ወደ ሸዋ መውጣት አይቻልም፤ ግመሉ የአፋሮች ነው፤ አፋሮችም ዕቃው ምን ያህል እንደሚያወጣ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ለባላባቱ እጅ መንሻ፣ ለግመል ባለቤት ቀብድ፣ ለመንገድ መሪ ደመወዝ፣ በየጎሣው ወሰን ደግሞ የማለፊያ ዋጋ አለ። ራምቦ በደብዳቤዎቹ ይህን እንደ ዝርፊያ ቆጥሮ ያማርራል። እኔ ግን ሳነበው፣ የአገሩ ሰው የራሱን ባንኮኒ ዘርግቶ መቀመጡን ነው ያየሁት። መንገድም እኮ ዕቃ ነው፤ ይሸጣል።

በሚያዝያ 1886 ደግሞ ዱብ ዕዳ መጣ። ፈረንሣይ ከእንግሊዝ ጋር ተስማምታ በዚያ ጠረፍ የጦር መሣሪያ ማሳለፍ መከልከሉን የኦቦክ ሹም አስታወቀ። ራምቦና ላባቱም ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤያቸው የነጋዴ ሎጂክ የሚታይበት ሰነድ ነው። ጠመንጃ ማስገባትና ባሪያ ማስወጣት የሚያገናኛቸው ነገር የለም ብለው ተከራከሩ፤ ሁለቱን ንግዶች የያዙት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ አውሮጳዊ በባሪያው ንግድ እጁ የለበትም አሉ።

ይህ እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ግማሹ እውነት ነው። ራምቦ ባሪያ ነጋዴ እንደ ነበረ የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልተገኘም። (በ1889 መጨረሻ ለግል አገልግሎቱ ሁለት ልጆች በባርነት እንዲገዛለት ስዊሳዊውን መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን ጠይቆ፣ ኢልግ ይህን አላደርግም ብሎ እንደ መለሰለት ግን በደብዳቤ ተመዝግቧል።) ነገር ግን መንገዱ አንድ ነው። ጠመንጃው በሚወጣበት በረሃ ባሪያው ይወርዳል። በባሕሩ ዳር ያሉት የመንገዱ ጌቶች ከሁለቱም ያገኛሉ። ከደጋውም በኩል ቢሆን፣ ጠመንጃ የሚገዛበት ሀብት ከየት እንደሚመጣ ሻጩ አይጠይቅም። «እኔ የምሸጠው ዕቃ ነው፤ ገዢው የሚያደርግበትን እርሱ ያውቃል» የሚለው ቋንቋ እስከ ዛሬ ከማንኛውም ጠመንጃ ሻጭ አፍ አልጠፋም።

ፈቃዱ እንደ ምንም ተገኘ። ነገር ግን ላባቱ ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰና በዚያው ሞተ። ራምቦ አብሮት ሊጓዝ ያሰበው ፖል ሶሌዬ የተባለ ሌላ ነጋዴም በመስከረም 1886 ዓደን ላይ ሞተ። በጥቅምት ወር ራምቦ ነጋዴ ጓደኛ ሳይኖረው ግመሎቹን አስነስቶ፣ በአሳል ሐይቅ በኩል አድርጎ በረሃውን ገባ። አንኮበር የደረሰው በየካቲት 1887 መግቢያ ላይ ነው።

፫. ደንበኛው

ራምቦ አንኮበር ሲደርስ ደንበኛው አልነበሩም። ምኒልክ በ1887 መጀመሪያ ጨለንቆ ላይ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ጦር አሸንፈው ሐረርን ይዘው ነበር። ንጉሡ ሳይሆኑ ራምቦን የተቀበሉት የላባቱ ባለ ዕዳዎች ናቸው። አንዱ የበግ ዋጋ፣ ሌላው የአገልግሎት ደመወዝ፣ ሌላው ብድር ይጠይቃል። የላባቱ ሚስት የነበረችውም ሴት የባሏን ንብረት አምጣ ብላ ከሰሰችው። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይሄ ነው። ሟቹ ዕዳውን ትቶ ሄዷል፤ ጠመንጃው ግን ለሁሉ በሚታይ ቦታ ተከምሯል።

ከዚያ ምኒልክ ከዘመቻ ወደ እንጦጦ ገቡ። ከፊታቸው መለከት እየተነፋ፣ ከሐረር የተማረኩ ሁለት የክሩፕ መድፎች በሰው ጉልበት እየተጎተቱ። ይህን ትዕይንት የነገረን ራሱ ራምቦ ነው፤ በነሐሴ 1887 ካይሮ ላይ ለሚታተም ጋዜጣ ስለ ጉዞው በጻፈው ረጅም ደብዳቤ ውስጥ ይገኛል። አንድ ነጋዴ አሮጌ ጠመንጃ ሊሸጥ ተቀምጦ፣ ገዢው የክሩፕ መድፍ እያስጎተቱ ሲመጡ ሲያይ ምን ይሰማዋል? ዋጋው የወደቀው እዚያው መንገድ ላይ ነው።

ገበያው እንዴት እንደ ተካሄደ ራምቦ ለፈረንሣይ ምክትል ቆንስል ባቀረበው የሒሳብ ማስረጃ ዘርዝሮታል። በመጀመሪያ ንጉሡ ዕቃውን በጅምላ እወስዳለሁ፣ በችርቻሮ ለሌላ መሸጥ አትችልም አሉት። እንቢ ካልክ በራስህ ወጪ ወደ ጠረፍ ትመልሰዋለህ ተባለ። ቀጥሎ ለጠቅላላው ዕቃ 14,000 ማርትሬዛ ብር ቆረጡለት። ከዚያ ላይ ለግመል ኪራይ ቀሪና ለመንገድ ወጪ ተብሎ 2,500 ብር ተቀነሰ። ላባቱ ከእኔ የወሰደው ዕዳ አለ ብለው ደግሞ 3,000 ብር ቀነሱ። የቀረውም ቢሆን በጥሬው አልተከፈለውም። የሐዋላ ወረቀት ተጻፈለትና፣ ሂድ ሐረር ላይ መኰንን ይከፍልሃል ተባለ። ሐረር ቢወርድ እዚያም ጥሬ ብር የለም፤ ገንዘቡን ለመቀበል እስከ ምጽዋ መሄድ ነበረበት።

እዚህ ላይ ብዙ አውሮጳውያን ጸሐፊዎች ለራምቦ ያዝናሉ፤ ባለቅኔው በተንኰለኛ ንጉሥ ተታለለ እያሉ። እኛ ግን እንደ ታሪክ ተማሪ ሁለት ነገር ማየት አለብን። አንደኛ፣ ምስክሩ ማነው? ሻጩ ራሱ ነው። ይህን ማስረጃ ሲጽፍ የላባቱ አበዳሪዎች ይከታተሉታል፤ ከሰርኩ ማለት ይጠቅመዋል። በዚያው ወቅት ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ግን ከ16,000 ፍራንክ በላይ በወርቅ በወገቡ ታጥቆ እንደሚዞርና ክብደቱ እንዳሠቃየው ይናገራል። ለሁለት ዓመት ድካም ትንሽ ነው፤ እውነት ነው። ባዶ እጁን ወጣ ግን አያሰኝም። ከሰርኩ የማይል ነጋዴ ደግሞ መርካቶም የለ።

ሁለተኛ፣ ምኒልክ ያደረጉት ምንድን ነው? በ7 ፍራንክ የተገዛ አሮጌ ጠመንጃ በ40 አልገዛም አሉ እንጂ ሌላ ምን አደረጉ? በዚያ ዘመን በብዙ የአፍሪካ ጠረፍ ሻጩ ዋጋ ይቆርጣል፤ ገዢው ይቀበላል። እንጦጦ ላይ ግን ዋጋ የቆረጠው ደንበኛው ነው። አጠገባቸው ደግሞ ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሸዋ የነበረው መሐንዲሱ ኢልግ ነበር። ምኒልክ ለማሽን ነገር ጉጉ እንደ ነበሩ የጎበኟቸው ሁሉ የመሰከሩት ነው። የሬሚንግተንና በአፈሙዝ የሚጎርሰው ጠመንጃ ልዩነት የማይገባቸው ገዢ አልነበሩም።

፬. ሻጭ ሲበዛ

ንጉሡ እንዲህ ዋጋ ለመስበር ያስቻላቸው ግን ብልህነት ብቻ አልነበረም። ሻጩ በዝቶ ነበር። ከራምቦ ሌላ ሳቩሬ ነበር፤ በኋላ በባቡሩ ሥራ የምናውቀው ሼፍኖ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጀርባው የኢጣልያ መንግሥት የቆመው ኮንት አንቶኔሊ ነበር። አንድ ግለሰብ ነጋዴ ከመንግሥት ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም። መንግሥት ጠመንጃ ሲሸጥ ትርፉን የሚፈልገው በብር አይደለምና።

ከዚህ በፊት የነበሩትን ነገሥታት ብናስታውስ ልዩነቱ ይገባናል። አጤ ቴዎድሮስ መሣሪያውን አገር ውስጥ ለመሥራት ሞከሩ፤ ጋፋት ላይ ሚስዮናውያኑን መድፍ አሠሩ፤ ሴባስቶፖልንም መቅደላ ድረስ አስጎተቱ። ባለሙያ ላኩልን ብለው ወደ አውሮጳ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሲያጣ የሆነውን እናውቃለን። አጤ ዮሐንስ በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ከተተወላቸው መሣሪያ ሌላ ብዙውን ያገኙት በጦር ሜዳ ነው፤ በ1875 ጉንደት ላይና በ1876 ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር ማረኩ። መሥራት፣ መማረክ፣ መግዛት፤ ሦስት መንገዶች ናቸው። ምኒልክ ሦስተኛውን ከሁሉ በላይ አስፋፉት።

በጥቅምት 1887፣ ራምቦ ከሸዋ በወጣ ጥቂት ወራት ውስጥ፣ ምኒልክ ከአንቶኔሊ ጋር ውል ተዋዋሉ። ኢጣልያ 5,000 ሬሚንግተን ልትሰጥ፣ ምኒልክም ኢጣልያ ከአጤ ዮሐንስ ጋር ባላት ጠብ ገለልተኛ ሊሆኑ። ጠመንጃው በብር ሳይሆን በዝምታ ተከፈለ ማለት ነው። በ1889 የውጫሌ ውል መጣ። በዚያው ዓመት በተጨመረው ስምምነት ኢጣልያ 4 ሚሊዮን ሊሬ አበደረች፤ መያዣውም የሐረር ጉምሩክ ገቢ ሆነ።

ሻጩ ግን በስሌቱ ተሳሳተ። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በኢጣልያንኛ ሌላ ሆኖ ሲገኝ፣ አጤ ምኒልክ በ1893 ውሉን አፈረሱ። የሚገርመው፣ ኢጣልያ እርሳቸውን ለማባበል ብላ በዚያው ሰሞን 2 ሚሊዮን ጥይት አስረከበች። ምኒልክም ጥይቱን ተቀበሉ፤ ብድሩንም ከፍለው ጨረሱ። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን በሬው ማን እንደ ነበረ የታወቀው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ነው። ወደ 100,000 የሚገመተው የኢትዮጵያ ሠራዊት አብዛኛው ጠመንጃ ይዞ ነበር። ከእነዚያ ጠመንጃዎችና ጥይቶች መካከል ራሷ ኢጣልያ ያቀረበችው ይገኝበታል።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ ይላል። ደንበኛው ብልጥ፣ ሻጩ ሞኝ፣ መጨረሻውም ዓድዋ። ጽሑፌን እዚህ ላይ ብጨርሰው የሚያጨበጭብልኝ አላጣም። ግን ሦስተኛው ጥያቄ አልተመለሰም።

፭. ዋጋውን ማን ከፈለው?

የራምቦን ሐዋላ መልሰን እንየው። ገንዘቡን እንዲከፍሉ የታዘዙት የሐረሩ ገዥ መኰንን ናቸው። ሐረር የተያዘችው መቼ ነው? ከዚያ ሁለት ወር ሦስት ወር ቢቀድም ነው። እንግዲህ በጠመንጃ የተያዘች ከተማ የሚቀጥለውን ጠመንጃ ዋጋ እንድትከፍል ታዘዘች። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የኢጣልያ ብድር ሲመጣ መያዣ የሆነችው ያቺው ሐረር ናት። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ የንግዱ አሠራር ነው። ጠመንጃ አገር ያስገኛል፤ አገሩ ግብር ያስገኛል፤ ግብሩ ሌላ ጠመንጃ ያስገኛል።

ንጉሡ በግምጃ ቤታቸው ብር የሚያትም መኪና አልነበራቸውም። ማርትሬዛ ብር ራሱ ከውጭ የሚመጣ ነው። ብር የሚያመጣው ደግሞ ወደ ውጭ የሚወጣው ዕቃ ነው፤ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ቡናና ቆዳ፣ ከነዚህም ጋር የሰው ልጅ። የዝሆኑ ጥርስና ወርቁ የሚመጣው በብዛት ከደቡብና ከምዕራብ ነው። እዚያ የዘመተው ወታደር ደመወዙ በብር አልነበረም፤ ገባር ተሰጠው። ነፍጥ ማለት ጠመንጃ ነው፤ ነፍጠኛ የሚለው ስምም የመጣው ከዚህ ነው። ቃሉን ዛሬ ሁሉም እንደየፍላጎቱ ይወረውረዋል። በመነሻው ግን የሚነግረን ነገር ቀላል ነው፤ አንዱ ጠመንጃ አለው፣ ሌላው የለውም፤ የሌለው ላለው ያርሳል።

የሰሜኑም ገበሬ ቢሆን ነጻ አልወጣም። ዘማች በሚያልፍበት አገር የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነው። ከ1888 እስከ 1892 ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ሕዝቡ በረሃብ በረገፈበት በክፉ ቀን ዘመን እንኳ የጠመንጃው ንግድ አላቆመም። ያ ገበሬ እንጦጦ ላይ ዋጋ ሲቆረጥ አልነበረም። ሬሚንግተን ይሻላል ወይስ ግራ ብሎ የጠየቀው የለም። ሒሳቡ ግን ደጃፉ ላይ መጣ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቼ «ታዲያ ባይገዛ ኖሮስ? ዓድዋ ይኖር ነበር ወይ?» ይሉኛል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አይኖርም ነበር። በዚያ ዘመን ጠመንጃ ያልገዛ አገር ምን እንደ ሆነ የአፍሪካ ካርታ ይነግረናል። እኔ የምለው ባይገዛ ይሻል ነበር አይደለም። እኔ የምለው ደረሰኙን ሙሉውን እናንብብ ነው። ዓድዋ ላይ የተኮሰውና ጨለንቆ ላይ የተኮሰው ጠመንጃ ከአንድ ባንኮኒ የተገዛ ነው። አንዱን ገጽ ብቻ የሚያነብ ሰው ወይ ሲያመሰግን ይኖራል፤ ወይ ሲረግም ይኖራል። ታሪክ ግን አያውቅም።

፮. ባንኮኒው ሲዘጋ

የዚያ ገበያ ቅሪት ቋንቋችን ውስጥ አለ። አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት ፉዚ ግራ የተባለው የፈረንሣይ ጠመንጃ ነው፤ ስሙ በሻጭና በገዢ አፍ ሲመላለስ አማርኛ ሆነ። ስናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው። ምንሽር ደግሞ የኦስትሪያው ማንሊኸር ነው። ጥይቱም ራሱ ገንዘብ ሆኖ ነበር፤ በየገበያው ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ሳንቲም ሲገበያዩበት ኖረዋል። ቀለሁም አይጣልም፤ ተለቅሞ እንደገና ባሩድ ይሞላል። ሰው በጥይት ጨውና በርበሬ የሚገዛበት ጊዜ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ከመግዛት አልፎ ወደ መሥራት ግን አልተሄደም። ይህ ድክመት የታየው ከዓድዋ 40 ዓመት ሊሞላ ሲል ነው። በ1935 ክረምት የኢጣልያ ጦር በኤርትራና በሶማሊያ ሲከማች ኢትዮጵያ መሣሪያ ለመግዛት ብትሮጥ፣ ብሪታንያ ለሁለቱም ወገን የመሣሪያ መሸጫ ፈቃድ አልሰጥም አለች። አሜሪካም በዚያው ዓመት ባወጣችው የገለልተኝነት ሕግ ለሁለቱም ከለከለች። ለሁለቱም! አንደኛው ወገን መድፍም አውሮፕላንም የሚሠራ ፋብሪካ አለው፤ ሌላው ያለው ገንዘብና ባንኮኒ ላይ የተደገፈ ክርን ብቻ ነው። ሱቁ ሲዘጋ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። በ1887 ዋጋ መቁረጥ የቻልነው ሻጮቹ ስላልተስማሙ ነበር። በ1935 ሻጮቹ ተስማሙ።

ራምቦ ይህን አላየም። በ1891 ጉልበቱን ታሞ በቃሬዛ ከሐረር ወርዶ፣ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆርጦ፣ በኅዳር ወር በ37 ዓመቱ ሞተ። ነገር ግን ለታሪክ ተማሪ አንድ የሚያስቆጭ ነገር አድርጎ ነው ያለፈው። ላባቱ ሸዋ ውስጥ ሲኖር የጻፋቸው 34 ደብተር ማስታወሻዎች ነበሩ። መበለቲቱ እየጮኸች ራምቦ አቃጠላቸው። በኋላ በመካከላቸው የንብረት ሰነድ እንደ ነበረ ሰምቷል። ለእርሱ የዕዳና የክስ ምንጭ ከመሆን በቀር ሌላ ዋጋ አልነበራቸውም።

በነዚያ ደብተሮች ውስጥ የግመል ነጂው ስም ይኖር ይሆን? ጥርስ የተሸከመው ሰው፣ በግ የሸጠው ገበሬ፣ ደመወዙን ያላገኘው አሽከር? ሴትዮዋስ የባሏን ሒሳብ ስትጠይቅ ምን ነበር የምትለው? የምናውቃት በከሰሰችው ሰው ደብዳቤ ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ የጻፋት እንደ ነዝናዛ አድርጎ ነው። ከባንኮኒው ወዲያ ያለው ሻጭ ጽፎልናል። ከባንኮኒው ወዲህ ያሉት ንጉሥ ጸሐፊ ነበራቸው። ዋጋውን የከፈሉት ግን ባንኮኒው አጠገብም አልደረሱ። የእነርሱን ሒሳብ የሚጽፍ ሰው ካለ ከእኛ መካከል ነው የሚወጣው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያጣችሁ ጓደኞች ከዚህ ብትጀምሩ ሥራ አይጠፋም።